ባዶ ስለሚባለው መንገድ

ሰው ሕግን የሚጠብቀው ሕጉን ወዶ ነውን፥ ወይስ የሚያየው ስላለ ነው? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም። የግሪክ ፈላስፋ አፍላጦን ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የጊጌስ ቀለበት እየተባለ የሚጠራ ታሪክ ይገኛል። በልድያ አገር ይኖር የነበረ አንድ እረኛ ምድር ተሰንጥቃ ባየ ጊዜ ወደ ስንጥቁ ወርዶ ከሬሳ ጣት ላይ የወርቅ ቀለበት አወጣ። የቀለበቱን ፈርጥ ወደ መዳፉ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል፤ ወደ ውጭ ሲመልሰው ይታያል። እረኛውም ይህን ባወቀ ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ ንግሥቲቱን አሳተ፥ ንጉሡን ገደለ፥ መንግሥቱንም ወሰደ። ታሪኩን ያመጣው ተከራካሪ የሚጠይቀው፥ እንዲህ ያለ ቀለበት ለደጉም ለክፉውም ሰው ቢሰጥ በሁለቱ መካከል የሚቀር ልዩነት ይኖር እንደ ሆነ ነው።

ይህ ታሪክ ለብዙ ዘመን የክርክር ምሳሌ ሆኖ ኖረ እንጂ ቀለበቱን በጣቱ አድርጎ የታየ ሰው የለም። ነገር ግን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2020 ዓመት፥ ቀለበቱን የሚመስል ነገር በአንድ ጊዜ ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች ተሰጠ። ይኸውም ባዶ መንገድ ነው።

በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የኮሮና ወረርሽኝ በአሜሪካ በተስፋፋ ጊዜ፥ ሰው ያለ ብርቱ ጉዳይ ከቤቱ እንዳይወጣ የሚከለክል ትእዛዝ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ተላለፈ። ለመላው ግዛቷ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ በመስጠት የቀደመችው ካሊፎርኒያ ናት። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፥ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ፥ ጠዋትና ማታ መኪና ከመኪና ተጣብቆ በእግረኛ እርምጃ ይሄድበት የነበረው አውራ ጎዳና ጭር አለ። በሚያዝያ ወር በአገሪቱ መንገዶች ላይ በመኪና የተሄደው ርቀት ካለፈው ዓመት ሚያዝያ ጋራ ሲተያይ በመቶ 40 ያህል ጐደለ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ያሰበው አንድ ነገር ነበር። ወረርሽኙ በአንድ በኩል ቢገድል እንኳ በሌላ በኩል የመንገድ ሞት ይቀንሳል፤ መኪና ከሌለ ማን ከማን ይጋጫል? አሳቡ የሞኝ አሳብ አልነበረም። ልጅም ቢሆን ይህን ሒሳብ ያውቀዋል።

ዓመቱ ሲያልቅ ግን የአገሪቱ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያወጣው ቍጥር እንደ ታሰበው አልሆነም። ለፖሊስ የተነገረው የመኪና ግጭት በ2019 ከ6 ሚሊዮን ከ700 ሺህ በላይ የነበረው በ2020 ወደ 5 ሚሊዮን ከ250 ሺህ ያህል ወረደ። የቈሰሉትም ሰዎች ቍጥር በመቶ 17 ያህል ቀነሰ። የሞቱት ሰዎች ግን በ2019 36,355 ሲሆኑ በ2020 38,824 ሆኑ፤ በኋላም ቈጠራው ሲታረም ከ39 ሺህ አለፉ። በዓመቱ ሁሉ የተሄደው ርቀት በመቶ 11 ጐድሎ ሳለ የሞተው ሰው በዛ። በየ100 ሚሊዮኑ ማይል ሲካፈል በ2019 1.11 ሰው ይሞት የነበረው በ2020 1.34 ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ቅኔ የተማረ ሰው ሰሙን ብቻ ሰምቶ አይነሣም። ግጭቱ ቀነሰ፥ ቍስለኛው ቀነሰ የሚለው የዚህ ቍጥር ሰም ነው። ከሥሩ ያለው ወርቅ ደግሞ የቀረው ግጭት የቀድሞው ዓይነት ግጭት አለመሆኑ ነው። ቀድሞ ሁለት መኪኖች በተጨናነቀ መንገድ ላይ ሲነካኩ መብራት ይሰበር፥ ቆርቆሮ ይጣመም፥ ባለቤቶቹም ወርደው ይጨቃጨቁ ነበር። በባዶው መንገድ ላይ ግን የሚጨቃጨቅ ሰው አልተረፈም።

ምነው ቢሉ፥ ፍጥነት ነው። የካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ትእዛዙ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እስከ አንድ ወር ድረስ በሰዓት ከ100 ማይል፥ ማለት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዱ ለያዛቸው ሰዎች የሰጠው የቅጣት ወረቀት 2,493 ነው። በፊተኛው ዓመት በዚያው ወራት የሰጠው 1,335 ነበር። በመንገዱ ላይ የነበረው መኪና ግን ከፊተኛው ዓመት በመቶ 35 ያህል ያነሰ ነበር። የመኪና ምት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋራ እኩል እየጨመረ የሚሄድ አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ምቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት የቸኰለ ሰው ጥቂት ብቻ የሚጐዳ ይመስለዋል እንጂ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከፍጥነቱም ጋራ ሌላው ስንፍና ተከተለ። የደኅንነት ቀበቶ ሳያስር የሞተው ሰው፥ ጠጥቶ ሲነዳ በደረሰ አደጋ የሞተው ሰው፥ ሁለቱም በዚያ ዓመት በመቶ 14 ያህል ጨመሩ።

እንግዲህ ከወረርሽኙ በፊት ይህን ሁሉ ይዞ ያቈመው ምን ነበር? ሕጉ በ2019ም በ2020ም ያው ሕግ ነው። የፍጥነቱን ልክ የሚናገረው ሰሌዳ ከቦታው አልተነቀለም። የፖሊስ ቍጥጥር እንደ ላላ አይካድም፤ በብዙ ከተማ ፖሊሶች በሽታው እንዳይተላለፍ በማለት ለቀላል ጥፋት መኪና እንዳያስቆሙ ታዘው ነበርና። ነገር ግን ከፖሊሱ ይልቅ ብዙውን ሥራ ይሠራ የነበረው፥ ማንም ያላመሰገነው፥ ሁሉም ሲማረርበት የኖረው መጨናነቁ ነው። ከፊት ያለው መኪና በዝግታ ሲሄድ የኋለኛው መፍጠን አይችልም። የኋለኛው እየተራገመ፥ ጥሩንባውን እየነፋ፥ ሳይወድ ሕግ ይጠብቃል። ጎረቤት ጎረቤቱን ሳያውቅ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። መጨናነቁ ማንም ያልሾመው ዳኛ ነበር፤ ይህ ዳኛ በአንድ ሳምንት ከሥራው በተሻረ ጊዜ የብዙ ሰው ሕግ አክባሪነት የራሱ እንዳልነበረ፥ ከፊት ካለው መኪና የተበደረው እንደ ነበረ ታወቀ።

ይህን የሰማ ነጂ የሚመልሰው መልስ አለው፤ መልሱም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። እንዲህ ይላል። የፍጥነት ሕግ የወጣው ሰው ሰውን እንዳይጐዳ ነው። መንገዱ ባዶ ከሆነ የሚጐዳ የለም። የሚጐዳ ከሌለ የሕጉ ምክንያት ቀርቷል፤ ምክንያቱ የቀረ ሕግ ደግሞ በድን ነው። ይህን አሳብ እስከ ጫፍ ያደረሱት ሰዎች ነበሩ። ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ አገር ለማቋረጥ፥ 4,500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፥ በድብቅ የሚወዳደሩ መኪና ወዳዶች አሉ፤ ይህ ውድድር ሕግ የማይፈቅደው ነው። በ2019 መጨረሻ የተያዘው የፍጥነት ወሰን 27 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነበር። በ2020 ጸደይ ሕዝቡ በቤቱ ተዘግቶ ሳለ ይህ ወሰን ከአንድ ጊዜ በላይ ተሰበረ፥ ከ27 ሰዓትም በታች ወረደ። ሆስፒታሎች በሽተኛ ሞልቶባቸው በነበሩበት ወራት ይህ መደረጉ ያሳፍራል የሚል ሰው ብዙ ነበር። ወሰኑን የሰበሩት ግን ማንንም አልገደሉም። እንግዲህ ምን በደሉ?

ሁለት ነጂዎች ይታሰቡ። ሁለቱም በአንድ ሌሊት፥ በአንድ ዓይነት መንገድ፥ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይነዳሉ። አንደኛው ኵርባውን ሲዞር ማንንም አላገኘም፤ ቤቱ ገብቶ ተኛ። ሁለተኛው ኵርባውን ሲዞር ከሌሊት ሥራዋ የምትመለስ ሴት አገኘ። ዳኛ ሁለተኛውን ያስረዋል፥ አንደኛውን አያውቀውም። ሰው ሁሉ ሁለተኛውን ነፍሰ ገዳይ፥ አንደኛውን ጥሩ ነጂ ይለዋል። ነገር ግን ሁለቱ የመረጡት ምርጫ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣችው ሴቲቱ እንጂ እነርሱ አይደሉም። የመጀመሪያው ንጽሕናውን ያገኘው ከራሱ ሳይሆን ከአጋጣሚ ነው። በአጋጣሚ የተገኘ ንጽሕና ደግሞ የተገኘ ገንዘብ እንጂ የተሠራ ገንዘብ አይደለም፤ ባለቤቱ በመጣ ቀን ይመለሳል። ስለዚህ ማንንም አልገደልኩም የሚለው መልስ ስለ ሌሊቱ ይናገራል እንጂ ስለ ነጂው የሚናገረው ነገር የለም።

ይህም ይቆይና፥ የክርክሩ መሠረት የሆነው ቃል ራሱ ይመርመር። መንገዱ ባዶ ነው ተባለ። እውነት ባዶ ነበርን? በቤቱ መቀመጥ የቻለው ሥራውን በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ፥ ደመወዙ ሳይቋረጥ የሚመጣለት ሰው ነው። ሐኪም ቤት የምታጸዳው ሴት በቤቷ ልትቀመጥ አልቻለችም። አስታማሚዋ፥ የአውቶቡስ ነጂው፥ በመጋዘን ዕቃ የሚጭነው፥ ለተዘጋው ሰው እህሉንና መድኃኒቱን በየደጁ የሚያደርሰው፥ እነዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ነበሩ። በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በታክሲ፥ በሐኪም ቤትና በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ስለ ሆኑ ይህን ነገር ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። ከመንገዱ ላይ የጐደለው ሰው ሳይሆን የታወቀ፥ ባለመሥሪያ ቤት፥ የሚቈጠር ሰው ነው። የቀረው ያልተቈጠረው ነው።

ይህ አሳብ ብቻ እንዳይመስል የሟቾቹ ዝርዝር ይመሰክራል። ያው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ ባወጣው ግምት በ2020 በመንገድ የሞቱት ጥቁር አሜሪካውያን ቍጥር ከፊተኛው ዓመት በመቶ 23 ያህል ጨምሮ ተገኘ፤ ይህም በመላው ሕዝብ ላይ ከታየው ጭማሪ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። በአንድ መንገድ፥ በአንድ ዓመት፥ በአንድ ወረርሽኝ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ አንዱ ግን ግልጥ ነው፤ ከቤቱ መውጣት ግድ የሆነበት ሰው ነው አደጋው ያገኘው። ስለዚህ ባዶ የሚለው ቃል ስለ መንገዱ የተነገረ እውነት አልነበረም፤ የተናጋሪው ዓይን ማንን እንደሚያይና ማንን እንደማያይ የሚገልጥ ቃል ነበር። በአፍላጦን ታሪክ ቀለበቱ የሚሰውረው ያደረገውን ሰው ነው። በዚህኛው ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ነጂው ቀለበቱን ሲያዞረው የተሰወሩት ሌሎቹ ናቸው።

አንድም እንዲህ ነው። የፈጠነው ሁሉ ትዕቢተኛ ነበር ማለት ፍርድን ማጉደል ይሆናል። በዚያው ዓመት ሰኔና ሐምሌ ድረስ በአምስት ታላላቅ ሐኪም ቤቶች በመኪና አደጋ ክፉኛ ቈስለው የመጡት ወይም የሞቱት ነጂዎች ደም ተመርምሮ ነበር። ከወረርሽኙ በፊት ከመቶው 51 ያህሉ በደማቸው ውስጥ መጠጥ ወይም ሌላ የሚያደነዝዝ ነገር ተገኝቶባቸው ነበር። ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ግን 65 ያህሉ ሆኑ። ከሚያደነዝዙት ዕፆች የአንደኛው ወገን፥ ሐኪሞች ለብርቱ ሕመም ማስታገሻ የሚሰጡት ዓይነት፥ ወደ እጥፍ ደረሰ። ይህ የሚያሳየው መሪውን የያዘው እጅ ከመያዙ በፊት ምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደ ከረመ ነው። ሥራውን ያጣ፥ እናቱን ያለ ለቅሶ የቀበረ፥ ለወራት ከሰው ጋራ አፍ ለአፍ ያልተናገረ ሰው፥ መኪናውን አስነሥቶ ሲወጣ የት ለመሄድ እንደ ወጣ ራሱም አያውቅ ይሆናል። በባዶ መንገድ ላይ መፍጠን ለአንዳንዱ ደስታ፥ ለአንዳንዱ ሽሽት ነበር። ሁለቱም በአንድ ኵርባ ላይ ይደርሳሉ፤ ሴቲቱም ለሁለቱ ያው ናት። ቢሆንም ፈራጅ ለሁለቱ አንድ ቃል ይበቃል ቢል ሰውን አላወቀም።

አሁን ደግሞ ከአሜሪካ ወጥቶ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም እስከዚህ የተባለው ሁሉ የሰው ባሕርይ ብቻ ነው ከተባለ፥ የሰው ባሕርይ ባሕር ሲሻገር አይለወጥምና በሌላውም አገር ያው ፍሬ መገኘት ነበረበት። ያው ፍሬ ግን አልተገኘም። በአውሮጳ ኅብረት አገሮች በ2019 22,800 ያህል ሰው በመንገድ ሞቶ ነበር፤ በ2020 ወደ 18,800 ወረደ። በታላቋ ብሪታንያ 1,752 የነበረው 1,460 ሆነ። በጃፓን ደግሞ 2,839 ሰው ብቻ ሞተ፤ በዚያች አገር ቈጠራ ከተጀመረ ወዲህ ከ3,000 በታች ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነበር። በሽታው ያው፥ መኪናው ያው፥ የአዳም ልጅ ያው ነው። እንግዲህ የጊጌስ ቀለበት በአንዱ አገር ሠርቶ በሌላው እንዴት አልሠራም?

መንገድ ሠሪዎች ለዚህ መልስ አላቸው። የስዊድን ምክር ቤት በ1997 ባሳለፈው ውሳኔ፥ ሰው የሚሳሳት ፍጥረት እንደ ሆነ አስቀድሞ በማመን መንገዱ ራሱ ስሕተቱን ሞት እንዳያደርገው ሆኖ ይሠራ ዘንድ ተደነገገ። በዚህ አሳብ የተሠራ መንገድ ጠበብ ይላል፥ መስቀለኛው በክብ አደባባይ ይተካል፥ ወዲያና ወዲህ የሚሄዱት መኪኖች በመካከል በተዘረጋ አጥር ይለያያሉ፥ ፍጥነትንም የሚያየው እንቅልፍ የሌለው የፎቶግራፍ መሣሪያ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የሰው ብዛት ቢጐድል የመንገዱ ሥራ በቦታው ይቈያል። በአሜሪካ ከተሞች ግን ብዙው መንገድ ሰፊና ቀጥ ያለ፥ ሂድ ሂድ የሚል፥ ሩጫን የሚጋብዝ ነው፤ ይህን ግብዣ ይከለክል የነበረው ብቸኛ ነገር መጨናነቁ ነበር። መጨናነቁ ሲነሣ ግብዣው ብቻ ቀረ።

ይህ መልስ ብዙውን ነገር ይፈታል፥ ሁሉን ግን አይፈታም። በብሪታንያ እንኳ የመኪናው ጉዞ በመቶ 21 ሲጐድል ሞቱ የጐደለው በመቶ 17 ነው፤ በዚያም መንገዱ በጸዳ መጠን ሞት አልጸዳም። ከዚህም ሌላ ሰውን ሁሉ በአጥርና በመሣሪያ መጠበቅ ይቻላል የሚል ሰው፥ ሰውን ለማዳን ይችል ይሆናል እንጂ ደግ ሰው አደረግሁት ሊል አይችልም። ሆኖም ደግነቱን እስኪማር ድረስ አጥሩ አይቅር የሚለው ከሁሉ ይሻላል። ልበ ብርቱዎች በጉባኤ ላይ ሕገ ልቡና ይበቃል ብለው ሲከራከሩ ያምራል፤ ከሌሊት ሥራ የምትመለሰው ሴት ግን የነጂውን ልቡና ልትመረምር ጊዜ የላትም። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ጠባብ መንገድና ደኅና መሻገሪያ ነው። አፍላጦን ለቀለበቱ ጥያቄ የሰጠው መልስ ዐመፀኛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐዳው የራሱን ነፍስ ነው የሚል ነው። መልሱ ጥልቅ ነው፤ ነገር ግን ዐመፀኛው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ነፍሱ እስክትጐዳ የሚጠብቅ የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ትእዛዙ ተነሣ፥ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፥ መኪናው ተመለሰ፥ መጨናነቁም ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ገባ። መጨናነቁ ዳኛ ከነበረ ሞቱ ወዲያው ወደ ቀድሞው ልክ መውረድ ነበረበት። በ2021 ግን የሟቾቹ ቍጥር ወደ 43,000 ያህል ወጣ፥ በ2022ም ከ42,000 በላይ ሆነ፤ በ2023 ወደ 41,000 ያህል ወረደ፤ በ2024 የመጀመሪያው ግምት 39,345 ነበር፤ ይህም ቢሆን ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ይበልጣል። በባዶው መንገድ ላይ የተለመደው ነገር መንገዱ ከሞላ በኋላም አልተረሳም። በጥቂት ወራት የተማሩትን ለመርሳት ዓመታት እንደሚፈጅ ታየ።

ከእነዚህም ሟቾች መካከል መኪና ያልያዙት አሉ። በ2022 በአሜሪካ መንገዶች ላይ በእግራቸው ሲሄዱ ተገጭተው የሞቱት ከ7,500 በላይ ናቸው፤ ከ1981 ወዲህ ይህን ያህል እግረኛ በአንድ ዓመት ሞቶ አያውቅም። አብዛኞቹ የሞቱት በጨለማ፥ መሻገሪያ በሌለበት ሰፊ መንገድ ላይ ነው።